ሹም፣ ጥጥ እና የአናጢው ዝምታ

በሰፈሩ አናጢውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ሚሊሜትር» ነበር የሚሉት። አንድ ጊዜ ለአንድ ክሊኒክ የሠራው ቁም ሣጥን በሩ የጥፍር ጫፍ ታህል ዘመመ ብሎ፣ ባለቤቱ «ኧረ ለማንም አይታይም፣ ተወው» እያለው፣ በሩን ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ አስተካክሎ ገጠመው። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣለት። እሱም አልከፋውም። ሰው የሚያፍርበት ቅጽል ስም ስንት አለ፤ ይኼ የሚያኮራ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ነበረው። ከኋላ ያለውን ረጅም በረንዳ በመስኮት ዘግቶ የሥራ ክፍል አድርጎት ስለነበር ሰጋቱራው በየጥጉ እየገባ ሚስቱን ያማርራት ነበር። ሚስቱ ነርስ ነበረች። ንግግሯ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን ምንም ነገር የማያመልጠው ሴት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ከልጅቷ ቀጥሎ ድመቱ ነበር፤ ድመቱን ብትጠይቁት ግን ከድመቱ ቀጥሎ ነው ልጅቷ የምትመጣው።

ድመቱ ሹም ይባላል። አመድማ፣ ወፍራም፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አቤቱታ የሚሰማ የሚመስል ድመት ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ወንበሩን ያውቅለታል፤ እንግዳ ከተቀመጠበት ፊት ለፊቱ ሄዶ ዓይን ዓይኑን እያየ እስኪነሳ ድረስ ይጠብቀዋል።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የእናትየዋ የሥራ ባልደረባ ቤት ልትለቅ ሆነና ጥንቸሎቿን ለዘመድ ለወዳጅ ማደል ጀመረች። እናትየዋ አንዷን በካርቶን ይዛ መጣች። ነጭ ናት፤ ግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ብቻ ግራጫ ነጥብ አለባት። ልጅቷ ካርቶኑን ከፍታ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ «ጥጥ ናት» አለች። በዚያው ጥጥ ሆና ቀረች።

ጎረቤታቸው የነበሩት ጡረተኛ አስተማሪ በአጥር በኩል አንገታቸውን አስግገው፣ «እንግዲህ ለሹም ቀለብ ገዛችሁለት ማለት ነው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እናላምዳቸዋለን» አለች እናትየዋ።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ስለዚህ መነኮሰ ብዬ አላምነውም፤ እጠብቀዋለሁ እንጂ።»

እንዳለችውም አደረገች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥጥ በልጅቷ ክፍል፣ ሹም ከክፍሉ ውጭ ሆኑ። በየማለዳው እናትየዋ ጥጥ የተኛችበትን ጨርቅ ለሹም፣ ሹም የተኛበትን ለጥጥ ትቀያይራለች፤ ሽታቸውን ይለምዱ ብላ። ከዚያ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ምግባቸውን አስቀመጠች። ሹም ወተቱን ይልሳል፣ ጥጥ ካሮቷን ትቆረጥማለች፤ ሁለቱም በሩን እያዩ። የሹም ጥፍር ተቆረጠ። በሩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ለአምስት ደቂቃ፣ እናትየዋ ድመቱን በሁለት እጇ ይዛ። ልጅቷ ይህን ሁሉ በደብተር ትጽፍ ነበር። «ዛሬ ሹም ጆሮውን አላጠፈም» ይላል አንዱ ገጽ።

አባትየው በበኩሉ የጥንቸል ቤት ሠርቶላት በሥራ ክፍሉ ጥግ አስቀመጠው። ከመደርደሪያ ከተረፈው የጥድ እንጨት፣ ፊቱ ሽቦ፣ ውስጡ ደግሞ መሸሸጊያ ሣጥን ያለው። የመሸሸጊያው ቀዳዳ ጥጥ የምታልፍበት፣ ሹም የማያልፍበት መሆን ስለነበረበት፣ ሜትሩን አውጥቶ የሹምን ጭንቅላት ለካ። ሹም ልብስ ሊያሰፋ እንደመጣ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ተለካለት። ልጅቷ እስክትወድቅ ሳቀች። አባትየው ያን ሳቅ ዛሬም ድረስ ይሰማዋል።

በሦስተኛው ወር ነገሩ መልክ ያዘ። ጥጥ ወደ ሹም ሄዳ ጭንቅላቷን ከአገጩ ሥር ዝቅ ታደርጋለች፤ ሹም ምን ላድርግ ብሎ ትንሽ ያስብና ግንባሯን ይልሳታል። አስተማሪው መጥተው አዩ። ቆባቸውን አስተካክለው «እህ» ብቻ አሉ።

ያም ሆኖ እናትየዋ ሁለት ሕግ አውጥታ ነበር። አንደኛ፣ የሚያያቸው ሰው በሌለበት ጥጥ ቤቷ ውስጥ ናት፣ መቀርቀሪያውም ይዘጋል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መጋዙ ከመነሳቱ በፊት የጥጥ ቤት ከሥራ ክፍሉ ወጥቶ ወደ ልጅቷ ክፍል ይገባል። «ጥንቸል ልቧ ትንሽ ናት» ትል ነበር። «በድንጋጤ ብቻ ትሞታለች። ድመትም የሚሮጥ ነገር ሲያይ ዘመድ አያውቅም።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የመቀርቀሪያው ብሎኖች መላላት ጀመሩ። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ብሎኖቹም አጫጭር ናቸው። እናትየዋ ቀድማ አየችው።

«ይቺን ነገር አጥብቃት» አለችው።

«ነገ።»

ከሳምንት በኋላ ደገመችለት። «ነገ አልኩሽ እኮ።» ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግረው በጥርሱ እርሳስ ይዞ ስለነበር በጭንቅላቱ ብቻ እሺ አላት። ለሰው በር የጥፍር ጫፍ ታህል ስህተት የማያሳልፈው ሚሊሜትር፣ ለገዛ ቤቱ ሦስት ብሎን ማጥበቂያ ጊዜ አጣ። አልረሳውም። ዕቃው እጁ ላይ ነው፣ ደግሞስ የት ይሄዳል፣ የገዛ ቤቱ ሥራ አይደለም ወይ?

ነገሩ የደረሰበት ቀን እናትየዋ ቀን ተረኛ ነበረች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጎመን ቆርጣ ለጥጥ ሰጠች፣ ቤቱን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ገፋች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ በጣቷ አንዴ ነካ አድርጋ መዘጋቱን አየች። አባትየው ይህን ሁሉ ቆሞ ተመልክቷል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዓይኑ በብረቱ አይቷታል።

አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ያዘዛቸውን መደርደሪያዎች እኩለ ቀን ላይ ሊወስድ ይመጣል። የቀሩት ሁለት ቁራጭ ጣውላ ናቸው። የጥጥን ቤት ተሸክሞ ወደ ልጅቷ ክፍል መውሰድ፣ ከዚያ መመለስ... ሁለት ቁራጭ ናት እኮ፣ አለ በልቡ፤ መጋዙን አስነሳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ የለቀመው ነገር ግን ወደ ነበረበት የሚመለስ አልነበረም።

መጋዙን ሲያጠፋ መጀመሪያ የሰማው ዝምታውን ነው። ዞሮ ሲያይ የጥንቸሏ ቤት በር ወለል ብሏል። መቀርቀሪያው በአንዲት ብሎን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ሁለቱ ብሎኖች ሰጋቱራው ላይ ወድቀዋል። ጥጥ በመጋዙ ድምፅ ደንግጣ ራሷን ከሽቦውና ከበሩ ጋር ስታጋጭ ነቅላዋለች። ከዚያ ሮጣለች። ስትሮጥ ደግሞ ሹም አይቷታል።

ከኮምፔንሳቶው ክምር ኋላ አገኛት። በጎኗ ተጋድማለች፤ ደም የለም፣ አንገቷ ላይ ያለው ጠጉር ብቻ እርጥብ ነው። ሹም አጠገቧ ተቀምጦ ግንባሯን ይልሳል። አባትየው አንስቶ ደረቱ ላይ ሲያስጠጋት ልቧ ጣቱ ሥር ሦስት ወይም አራት ጊዜ መታ፤ ከዚያ ቆመ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አያውቀውም። ሲነሳ ግን ያደረገውን ያውቃል። ጥጥን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላት። ካቻቪቴውን አነሳ። ከመሳቢያው ረጃጅም ብሎኖች መርጦ መቀርቀሪያውን አጥብቆ ገጠመው። ስድስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። ለብዙ ዓመት «እጄ ነው እንጂ እኔ አላሰብኩትም» እያለ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል። በኋላ ግን እሱም አላመነውም። የወደቁትን አጫጭር ብሎኖች ለቅሞ ኪሱ የከተተ ሰው አላሰብኩም ማለት አይችልም።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሹም ጥጥን እንደገደላት ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው የነገራት። አላለቀሰችም መጀመሪያ። ወደ ጥጥ ቤት ሄዳ መቀርቀሪያውን ነካችው። ጠንካራ ነው።

«አባዬ፣ ማን ከፈተው?»

«እኔ ሳየው ክፍት ነበር» አላት። ቃሉ ውሸት አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ያመጣው ግን ይኸው ውሸት ያልሆነ ቃል ነው።

ልጅቷ ጣቷን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረገች አሰበች። «ጠዋት... ዘግቼው ነበር። ነካ አድርጌውም ነበር መሰለኝ። ወይስ የትናንቱ ነው ትዝ የሚለኝ?»

እዚህ ላይ መናገር ይችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሱ ግን ወለሉን አየ።

«ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው። አባትየው እቅፍ አደረጋትና ዕድሜ ልኩን የሚያቃጥለውን ቃል ተናገረ፤ «ሰው አይደለሽ፣ የኔ እናት? ሰው ይረሳል። እኔ አልተቆጣሁሽም።»

ያላጠፋችውን ይቅር አላት። እሷም አመሰገነችው። ለአስተማሪው ጎረቤት፣ ለጓደኞቿ፣ ለሁሉም «አባዬ እንኳን አልተቆጣኝም» እያለች ነገረች።

እናትየዋ ማምሻውን ስትመጣ ልጅቷን አባብላ አስተኛቻት። ከዚያ የጥንቸሏን ቤት አየች። ጎንበስ ብላ የብሎኖቹን ጭንቅላት በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። አዳዲስ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እየቀዳችለት፣ «ንገራት» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እነግራታለሁ። ትንሽ ትረጋጋ።»

«እኔ ልነግራት እችል ነበር። ግን ከአንተ አፍ ነው መስማት ያለባት።»

«ነገ» አላት።

ሹም ለብዙ ቀን ጥጥን ፈለጋት። በየጥጉ፣ በኮምፔንሳቶው ኋላ፣ በልጅቷ አልጋ ሥር። በመጨረሻ የጥንቸሏ ቤት ላይ ወጥቶ መተኛት ለመደ፤ ያን ያህል ሲጣላበት የኖረውን ወንበር ተወው። ልጅቷ ምግቡን ታቀርብለታለች እንጂ ከዚያ ወዲያ በእጇ ነክታው አታውቅም። ሹም ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ድመቱ ወደ እሷ ሄዶ እግሯን ሲታከክ፣ እሷ ደግሞ ቀስ ብላ እግሯን ስታሸሽ፣ አባትየው ከመላጊያው ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ያቀረቅር ነበር።

ነገሩን ልጅ ነች ትረሳዋለች ብሎ ነበር። ልጅ ግን ለቅሶውን ነው የሚረሳው። ከመተኛቷ በፊት የውጭውን በር ሦስት ጊዜ ታያለች። ቤቱን ለቅቀው ሲሄዱ ከመንገድ ተመልሳ ምድጃው መጥፋቱን ታረጋግጣለች። በፊት የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ትል ነበር፤ ደብተሩ እንኳን ለዚያ ነበር የተጀመረው። የመጨረሻውን ክፍል ስትጨርስ አባትየው «እንስሳት ሕክምናውስ?» አላት።

«እኔ ለነፍስ አልታመንም፣ አባዬ» አለችው፤ እንደ ቀልድ፣ ፈገግ ብላ። ከዚያ የመዝገብ ሥራ ተማረችና በአንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋን ያመሰግኑላታል። አንድም ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም።

እናትየዋ ነገሩን በየዓመቱ አንዴ ታነሳ ነበር። አትጨቃጨቅም። «ነገርካት?» ብቻ። እሱም «አልተመቸኝም» ይላል። አንድ ጊዜ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ አንድ ጊዜ ልታገባ ነው፣ አንድ ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት። ነገር ሲያድር ይቀዘቅዛል ይላሉ፤ ይህኛው ግን ሲያድር ከበደ። በመጀመሪያው ቀን ቢናገረው የአንድ መቀርቀሪያ ጥፋት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ቢናገረው የአሥር ዓመት ጥፋት ነው።

እናትየዋ ታማ በተኛች ጊዜ፣ ሊያበቃላት ሲል፣ እጁን ይዛ ጠየቀችው። «ነገርካት?»

«አዎ» አላት። «ነገርኳት። ይቅር ብላኛለች።»

ፊቷ ሲፈታ አየው። ሰላም ብሏት እንድትሄድ ብሎ ነበር የዋሸው። ሄደችም።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎ ባለፈው መስከረም ልጅቷ፣ አሁን ሠላሳ አምስት የሞላት ሴት፣ ስምንት ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ መጣች። ሕፃኗ ቤታቸው ውስጥ አንዲት ዥንጉርጉር ድመት አለቻት። አሁን ደግሞ ጥንቸል አምሯታል፤ የክፍል ጓደኛዋ ልትሰጣት ቃል ገብታለች። አያቷ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ አንድ የወንበር እግር ያለሰልሳል።

«አባባ፣ ለጥንቸል ቤት ትሠራልኛለህ አይደል?»

መልስ ሳይሰጥ እናቷ ቀደመች። «ጥንቸል የለም ብዬሻለሁ። ድመትና ጥንቸል አንድ ቤት አይሆኑም።»

«ለምን? አንቺ ነበረሽ አይደል እንዴ?»

«ነበረኝ። እኔ መቀርቀሪያውን ረስቼ ድመቱ ገደላት። ትንሽ ልጅ ናት፣ ትረሳለች ብሎ የሚጠብቅሽ ሰው አይኖርም እኔ ሥራ ስሆን። አንቺ ደግሞ እንደኔ ዕድሜሽን ሙሉ...» ንግግሯን አልጨረሰችውም። «አይሆንም፣ በቃ።»

ብርጭቆ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። ሕፃኗን ወደ ግቢው ሄዳ እንድትጫወት ነገራት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«አልረሳሽም» አለ።

«ምኑን?»

«መቀርቀሪያውን። ዘግተሽው ነበር። በጣትሽም ነካ አድርገሽዋል፤ ቆሜ አይቼሻለሁ። ብሎኖቹ ላልተው ነበር፣ እናትሽ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ጥጥን ሳላወጣ መጋዙን አስነሳሁ። ደንግጣ ነቀለችው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት አዲስ ብሎን አሰርኩበት።»

ልጁ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው፤ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

ይህን ጥያቄ አላሰበውም ነበር። አላወቀችም ቢል ሟቿን ከወቀሳ ያድናታል፤ ማንስ ይመሰክርበታል? ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ንገራት እያለች ስትለምነኝ ኖራለች። ስትሞት ነግሬያታለሁ አልኳት። ዋሸኋት።»

ልጁ ከወንበሩ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሕፃኗ በግቢው ውስጥ የጣውላ ቁራጭ ትደረድራለች።

«ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት» አለች ልጁ ፊቷን ሳታዞር፣ «‹አባትሽን ይቅር ስላልሽው ደስ ብሎኛል፣ ትልቅ ሰው ነሽ› አለችኝ። መድኃኒቱ ነው የሚያስቀባጥራት ብዬ እሺ እሺ አልኳት። ምን ማለቷ ነው ብዬ እንኳን አልጠየቅኳትም።»

እሱ የወደቀውን ብርጭቆ ወረቀት ከወለሉ አነሳ።

«አንድ ቃል ብጠይቃት ኖሮ እኮ...» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች፣ ልጇን ጠራች፣ እንደ ሁልጊዜው ጉንጩን ስማው ሄደች። አልጮኸችም፣ በር አልወረወረችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ሰባት ሳምንት አልመጣችም። ስልክ ስትደውል ስለ ጤናው ጠይቃ፣ «ደህና ሁን» ብላ ትዘጋለች። እሱ ደግሞ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የማይሆን ነገር ያስባል። የተናዘዘው ሠላሳ አምስት ዓመት ለሞላት፣ ሥራና ልጅ ላላት ሴት ነው። የበደለው ግን ቦርሳዋን ሳታወርድ ጣቷን መቀርቀሪያ ላይ አድርጋ የቆመችውን ልጅ ነው። ያቺን ከየት ያገኛታል? የእንስሳት ሐኪም ልትሆን የነበረችውንስ?

በስምንተኛው ሳምንት እሑድ ቀን ከልጇ ጋር መጣች። ሻይ አፈላች። ስለ መሥሪያ ቤቷ፣ ስለ ሕፃኗ ጥርስ አወራች። እሱም ስለ ወገቡ አወራ። ሕፃኗ ናት በመሃል፣ «አባባ፣ ጥንቸል መጣችልን። ቤቷን ከሱቅ ገዛንላት» ያለችው።

«መልካም» አለ። «ሱቅም ጥሩ ጥሩ ይሠራል አሁን።»

ልጁ ቀና ብላ አየችው፤ አፍራ እንደሆነ ወይም አዝና፣ አልለየውም። ሊሄዱ ሲሉ ሕፃኗን ቀድማ አስወጣችና ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አልቀየምኩህም፣ አባዬ» አለችው። «ግን ገና አልጨረስኩም። አታስቸኩለኝ።»

«እሺ ልጄ» አላት። «የፈለግሽውን ያህል።»

መንገዱን ይዘው ሲወርዱ እስኪሰወሩ ድረስ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ገብቶ የሻዩን ብርጭቆዎች አጠበ።